ላልወረደው በረዶ የተጠየቀ ይቅርታ

በአገራችን ሰማይን የሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ሥራው በየማለዳው የዛሬንና የነገን አየር ለሕዝብ መናገር ነው። ከነገ አልፎ እንዲናገር ሕግ አይፈቅድለትም። ከነገ ወዲያ ያለውን የሚናገር ሌላ መሥሪያ ቤት አለ፤ እሱ ከተቋቋመ ጀምሮ ተሳስቶ አያውቅም፤ ቀኑ ሲደርስ የተባለውን የሚያስታውስ ሰው የለምና። የእኛ ግን በማግስቱ ይታያል። "ፀሐይ ነው" ብለን ዝናብ ከጣለ፣ እርጥብ ልብሱን እየጨመቀ የሚጠብቀን ሕዝብ አለ። እኔም የተቀጠርኩት ለዚህ ነው። የሰማይ ቤት ይቅርታ ጠያቂ ነበርኩ።

ሥራውን ያገኘሁት በትምህርት አይደለም፤ በፊቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ምንም ሳላጠፋ ያጠፋሁ እመስላለሁ። ገበያ መሀል አንድ ገንቦ ከተሰበረ ሰዉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። እናቴ "ይሄ ፊትህ አንድ ቀን ያስገርፍሃል" ትለኝ ነበር፤ እንጀራ ይሆነኛል ብላ ግን አላሰበችም። ለቅጥር ብዙ ሰው ተሰልፎ ሳለ ፈታኞቹ እኔን ገና ከበር ሲያዩኝ "ይሁን ግድ የለም፣ ምንም አይደል" አሉ። ምን እንዳደረግሁ አልጠየቁኝም። በዚያው ተቀጠርኩ።

የአገሩ ደንብ እንዲህ ነው። ትንበያው የተሳሳተበት ከተማ አንድ ሽማግሌ ወደ ዋናው ከተማ ይልካል። ሽማግሌው መሥሪያ ቤታችን ገብቶ "ተበድለናል" ይላል። ማስረጃ አይጠየቅም፤ ዝናብ የመታው ሰው ይዋሻል ተብሎ አይታሰብም። ያኔ እኔ ተነስቼ እሄድና ከተበዳዮቹ ጋር ሦስት ገበታ እቀርባለሁ። የመጀመሪያው የዝምታ ገበታ ነው። ጨው ያልነካው ቅንጬ ይቀርባል፤ ማንም ቃል አይተነፍስም። ሁለተኛው የወቀሳ ነው። ወጡ በሚጥሚጣ የነደደ ይሆናል፤ እኔ እያላበኝ ስበላ ሕዝቡ በየተራ የደረሰበትን ይናገራል። ሦስተኛው የይቅርታ ነው። ቅቤና ማር ይወጣል፤ ሰማይም እንዲሰማ ገበታው ደጅ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ሰው "ይቅር ብያለሁ" ይለኛል። እኔም መርቄና ተመርቄ እመለሳለሁ።

አንድ ሰው እንኳ ይቅር ካላለ ይቅርታ ጠያቂው ከዚያ ከተማ መውጣት አይችልም የሚል አንቀጽም ሕጉ ውስጥ አለ። ተሠርቶበት ግን አያውቅም። በአገራችን ከሦስተኛው ገበታ በኋላ ቂም መያዝ የጎረቤት ወንፊት ተውሶ እንደማስቀረት ያለ ነውር ነው።

የወቀሳው ገበታ ሁልጊዜ ይረዝም ነበር። ሰው ስለ ዝናቡ ይጀምርና ስለ አማቹ፣ ስለ ጥርሱ፣ ከአባቱ ስላልደረሰው መሬት ይቀጥላል። አንድ ሰውዬ የበሰበሰበትን ምስር ተናግሮ ሲጨርስ፣ ሚስቱ በሠርጋቸው ማግስት በሰው ፊት ስለተናገረችው ቃል ወቀሰኝ። የፀጉራቸው ሽበት ሲታይ ሠርጉ የጥንት ነበር። እኔም ለቃሉ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማ ነበርና "እኔም እኮ ሳስበው..." ብላ እጁን ያዘችው። እንዲህ ያለውን ሳይ ሥራዬን እወደው ነበር።

ታዲያ የሰማይ ቤት ሰው ተበዳይ ሳይጠራው ከዋናው ከተማ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግም አለ። ያለ ምክንያት አልወጣም። ድሮ አንድ የንፋስ ጸሐፊ ወገቡን አሞት ቆላ ወርዶ ፍል ውሃ ገባ። የአገሩ ሰው፣ የሰማይ ቤት ሰው ልብሱን አውልቆ ውሃ ውስጥ መቀመጡን ሲያይ "ጎርፍ ሊመጣ ነው፤ ከወዲሁ ሊለማመድ ነው" ብሎ ከብቱን እየነዳ ተራራ ላይ ወጣ። ለማውረድ ብዙ ልመና ፈጀ። ይቅርታ የጠየቅሁትም እኔ ነኝ።

በዚያ ዘመን አለቃችን የነበሩት አረጋዊ የሚተነብዩት በጉልበታቸው ነበር። ጉልበታቸውን ሲቆረጥማቸው ዝናብ፣ ሲለቃቸው ፀሐይ ይላሉ። ክረምትና በጋ ጉልበታቸው አያሳፍርም፤ በልግ ላይ ግን ይደናገር ነበር። የባሰ የሚደናገረው ደግሞ በውርጭ በር ጉዳይ ነው።

ውርጭ በር የአገራችን ጫፍ ላይ የተቀመጠች፣ ወደ ማዶው አውራጃ የሚያልፈው መንገድ የሚሾልክባት ትንሽ ከተማ ናት። አውቶቡሱ ተራራው ሥር ያወርድሃል፤ ከዚያ በበቅሎ ነው። በበልግ እዚያ የሚወርደው እኛ የለመድነው ጠጠር በረዶ አይደለም፤ ባዘቶ ሆኖ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚቆለለው ነው። መጀመሪያ የሄድኩት "ብራ ነው" ብለን ማዕበል የወረደባቸው ጊዜ ነው። በወቀሳው ገበታ ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ከበሩ አጠገብ የቆመች ሴት ተራዋ ደረሰ። ማንያህልሻል ትባላለች፤ ገበታው የተዘረጋበት የመንገደኛ ማረፊያ የእሷ ነው።

"እርስዎ ሲመጡ መንገድ ላይ አንድ ጣራ አላዩም?" አለችኝ።

"ምን ዓይነት ጣራ?"

"ቆርቆሮ ነው። ባንድ በኩል ዝጓል። የኔ ነው።"

አይቼው ነበር። ገደሉ ሥር ወድቆ ሁለት በጎች ተጠልለውበት ነበር። ይህን ስነግራት ወቀሳዋን ትታ ነጠላዋን አጣፋች፤ "እንግዲያ ምን ያስቀምጠናል?" አለችና ወጣን። በጎቹን ለምነን አስለቅቀን ጣራውን ተሸክመን ዳገቱን ወጣን፤ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ። ንፋሱ ቆርቆሮውን ሲመታው እኔ እንገዳገዳለሁ፣ እሷ ትስቃለች። "አይዞዎት፣ በዚህ ፊትዎ ንፋሱም ያዝንልዎታል" አለችኝ። ያን ቀን ወደድኳት። ነገሩን ማዞር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ በየበልጉ የአለቃዬ ጉልበት ውርጭ በርን ይስትልኝ ነበር፤ እኔም እሄድ ነበር። አያ መኮያ የሚባሉት የከተማው ሽማግሌ "ተበድለናል" ብለው ሲመጡ ፊታቸው ያበራል፤ እኔም አብሬ አበራለሁ፤ ለወጉ ያህል ብቻ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" ስንሸጋገር፣ እንድታገባኝ ጠየቅኋት።

"ምነው ባገባህ፤" አለች፣ "ግን አንተ የምትመጣው ነገር ሲበላሽ ነው። እኔ ወዳንተ እንዳልመጣ ይሄን ቤት ማን ያሞቀዋል? ማዕበል የያዘው መንገደኛ እዚህ በር ላይ እሳት የሚያገኘው እኔ ጋ ብቻ ነው። ስንቱን ደርቆ ሊሞት ሲል አስገብቼዋለሁ። ሥራህን ብትለቅስ?"

ጠይቄ ነበር። የሕግ ክፍሉ የነገረኝ፣ መልቀቅ መሥሪያ ቤቱን መበደል ስለሆነ ይቅርታ ሊጠየቅበት ይገባል፤ ይቅርታ የሚጠይቀው ግን እኔው ነኝ፤ ከለቀቅሁ ደግሞ መጠየቅ አልችልም። ነገሩን በደንብ አስበንበት እንነግርሃለን ብለው እስከ ዛሬ እያሰቡበት ነው።

እንዲህ እያልን ስንኖር አሮጌው አለቃ ጡረታ ወጡ። በቦታቸው ሊቀ ደመና አስናቀ ተሾሙ። ከሩቅ አገር የተማሩ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ናቸው። ምሳቸውን ከቤታቸው በከረጢት ይዘው ይመጡና መስኮቱ አጠገብ ቆመው ሰማይ እያዩ ብቻቸውን ይበላሉ። ክፉ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ አይሳሳቱም።

ከሰዓት በኋላ ያሉት ዝናብ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ከወንዙ ወዲህ ያሉት ከወንዙ ወዲያ አያልፍም። መጀመሪያ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሁለተኛው በልግ ላይ ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ ተከፋ። በየከተማው የወቀሳ ገበታ ከቀረ ቆይቷል፤ ሰው አማቹን የሚወቅስበት ቦታ ሲያጣ ራሱን አማቹን መውቀስ ጀመረ፤ ዳኞች እንቅልፍ አጡ። ከአንድ የወይና ደጋ ከተማ የመጡ ሽማግሌ መሥሪያ ቤታችን ገብተው "ተበድለናል" አሉ።

"ምን ሆናችሁ?" አልናቸው።

"ዝናብ ይጥላል አላችሁ፤ ጣለ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ማንን እንውቀስ? ባቄላው እንደሆን በስብሷል!"

ለእንዲህ ያለ አቤቱታ የተዘጋጀ ሰው ስለሌለን ወንበር ሰጥተናቸው እስኪበርድላቸው ጠበቅን። እኔም ውስጤ እንደሳቸው ነበር። ሦስት በልግ ማንያህልሻልን አላየኋትም። መንገደኞች ሰላምታዋን ያደርሱኝ ነበር፤ ሰላምታ ግን አያጠግብም። በማለዳው ትንበያ "ውርጭ በር" የሚል ስም በተነሳ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል፤ በማግስቱ ልክ እንደተባለው ሲሆን ምሳዬ አይበላልኝም። የሰው ስሕተት እንደዚያ ተርቤ አላውቅም።

በዚያ በሦስተኛው በልግ ሊቀ ደመና ጠርተው አስቀመጡኝ።

"ምትኩ፣" አሉኝ በስሜ፣ "አንተን ያለ ሥራ ማስቀመጥ ግፍ ሆነብኝ። በልጉ ሲያበቃ ያንተ መደብ ይዘጋል። ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያውን ትጠብቃለህ። ውሻ እንዳይጠጣበት።"

"ከግቢ አልወጣም ማለት ነው?"

"ለምን ትወጣለህ?" አሉኝ። በቅንነት ነው የጠየቁኝ። መልሱ አንደበቴ ላይ ነበር፤ ፊቴ ግን እንደ ልማዱ ቀድሞ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ውሳኔው ከማለዳው ትንበያ ጋር በሬዲዮ ተነገረ፤ ውርጭ በርም ሰማች። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የበልጉ የመጨረሻ ከባድ ትንበያ ወጣ። ዛሬም ቃሉን አስታውሰዋለሁ፦ "ዛሬና ነገ በቆላው ነጎድጓድ የቀላቀለ ማዕበል፤ ከብቶቻችሁን ከዛፍ ሥር አርቁ። በወይና ደጋው ቀኑን ሙሉ የማያባራ ዝናብ፤ በሰሜን በኩል ጥቂት ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ አትመኗት። በደጋው በረዶ። ውርጭ በር ላይ ከጉልበት በላይ።" ቆላው ነጎደ። ወይና ደጋው ራሰ። በሰሜን ፀሐይ ብቅ ብላ ያመኗትን አታለለች። ሁሉም እንደተባለው ሆነ። እኔም የዝናብ መለኪያውን አጥር ማየት ጀመርኩ።

ማዕበሉ ባበቃ ማግስት አያ መኮያ የመሥሪያ ቤታችንን በር ገፍተው ገቡ። እስከ ወገባቸው ረጥበዋል፤ ባርኔጣቸው ላይ በረዶ ተቆልሏል፤ ጢማቸው ላይ ያለው መቅለጥ ጀምሯል።

"ተበድለናል!" አሉ።

ሊቀ ደመና ከወንበራቸው ተነሱ። "ምን ሆናችሁ አባቴ?"

"በረዶ ይወርዳል አላችሁ። በጎቻችንን አስገባን፣ ቀፎአችንን ሸፈንን፣ ለሠርግ የጣልነውን ዳስ አፈረስን። ከተማችን ላይ ግን አንዲት ቅንጣት የለችም!"

"ባርኔጣዎ ላይ ያለውስ?"

አያ መኮያ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ እንግዳ ነገር ተመለከቱት። "ይሄ የመንገድ ነው" አሉ።

ሊቀ ደመና መስኮቱ ጋ ሄደው ሰማዩን አዩ። ሕጉ ማስረጃ አይጠይቅም። ግን በሕይወታቸው የመጀመሪያው ስሕተታቸው ስለሆነ ሄደው ሊያዩት ፈለጉ፤ የራሱን ስሕተት ለማየት የሚሄድ ሹም ደግሞ አይከለከልም። ከረጢታቸውን አንጠለጠሉና አብረን ተነሳን። እኔ ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም። ገብቶኝም ቢሆን ደስታዬ አስቦ ለመጨረስ ጊዜ አልሰጠኝም።

ከአውቶቡሱ ወርደን በቅሎ ስንይዝ ተራራው ከሥር እስከ ራሱ ነጭ ነው። በቅሎዎቹ እስከ ደረታቸው እየሰመጡ ወጡ። ሊቀ ደመና በየመታጠፊያው ወርደው በትራቸውን ይተክላሉ፤ "ከጉልበት በላይ" ይላሉ፤ እንደገና ይቀመጣሉ። አያ መኮያ በእያንዳንዱ ጊዜ "ይሄ የመንገድ ነው" ይላሉ። መጨረሻ ላይ ከተማዋ መግቢያ ደረስን።

በረዶው እዚያ ላይ በቢላ የተቆረጠ ያህል ያበቃል። ከሰው ቁመት በላይ የተቆለለ ነጭ ግድግዳ ከተማዋን ዙሪያውን ከቧታል፤ ከግድግዳው ወዲህ መንገዱ፣ ደጃፉ፣ ጣራው፣ አጥሩ፣ የጋሪ ጎማው ሳይቀር ተላጭቶ የተነሳ ራስ መስሏል። ሕዝቡ ተሰልፎ ይጠብቀናል፤ ሁሉም እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቋል። ከአንዱ ቤት ጀርባ ላይዳ፣ አካፋና ሰፌድ ተደራርቦ አየሁ፤ አንዲት ሴትዮ ፈጥና ቀሚሷን ዘርግታ ቆመችበት።

"ያ ግድግዳ ምንድነው?" አሉ ሊቀ ደመና።

"የኛ ወሰን እዚህ ድረስ ነው ጌታዬ፤" አሉ አያ መኮያ፣ "ከዚያ ወዲያ ያለው የመንግሥት ነው። የመንግሥት ንብረት አንነካም።"

ሊቀ ደመና አጎንብሰው መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ። "እርጥብ ነው።"

"ላብ ነው።"

"የማን ላብ?"

"የኛ ነዋ" አሉ አያ መኮያ። ይህንን ሲሉ አልዋሹም።

ማንያህልሻል ከማረፊያዋ በር ላይ ቆማለች። ሰላም ልላት እጇን ስይዘው ሳበችው፤ ግን አየሁት። መዳፏ በሙሉ ውሃ ቋጥሮ፣ አንዳንዱም ፈንድቶ ነበር። ጣራዋ ላይ ወጥታ የጠረገችው እሷው ናት። ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። አንድ ከተማ ሙሉ ለእኔ ሲል ሰማይን ጠርጎ ደብቆ ነበር። ምንም ማለት አልቻልኩም፤ ደግነቱ የመጀመሪያው ገበታ የዝምታ ነው።

ቅንጬው ቀረበ። ሊቀ ደመና በልማድ ከረጢታቸውን ሊፈቱ ሲሉ አያ መኮያ በዓይናቸው ከለከሏቸው። ከሰው ጋር ገበታ የቀረቡበትን ጊዜ የሚያስታውሱ አልመሰለኝም፤ ማንኪያውን ይዘው ሌላው እስኪጀምር ጠበቁ። ጨው የሌለውን ቅንጬ እስከ መጨረሻው በሉት።

በወቀሳው ገበታ ሚጥሚጣው ከወትሮው በርትቶ ነበር፤ የሦስት ዓመት ነውና። አያ መኮያ ስለ በጉ፣ ስለ ቀፎው፣ ስለ ዳሱ ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ባል ተሻገሩ፤ ከዚያ ወደ ግራ ትከሻቸው። ሌላው ተከተለ። ሊቀ ደመና እንባቸው እየወረደ (ከሚጥሚጣው ይመስለኛል) ለእያንዳንዱ "ይቅርታ" አሉ፤ እኔ ልል አፌን ስከፍት ይቀድሙኛል። አንድ ገበሬ "እርስዎን እኮ ስንኮራብዎት ነው የኖርነው፤ ግን አይመጡም" አላቸው። "ስሕተት ስላልነበረ ነው" አሉ። "እሱንማ ነው የምወቅስዎት" አለ ገበሬው።

የማንያህልሻል ተራ ደረሰ።

"ሦስት በልግ ሙሉ ጣራዬ ንቅንቅ አላለም" አለች።

ሌላ አልጨመረችም። ሕዝቡ ከዚህ የከፋ በደል ሰምቶ እንደማያውቅ ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ። ሊቀ ደመና መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ያን ጊዜ ገብቷቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

የይቅርታው ገበታ ደጅ ተዘረጋ፤ ከማረፊያው ፊት ካለው ትልቅ ጽድ ሥር። ቅቤው ወጣ፣ ማሩ ወጣ። ሰዉ ተዝናንቶ መሳቅ ጀምሮ ነበር። ችግሩ፣ የጽዱን ጫፍ ለመጥረግ የሚደርስ መሰላል ከተማው ውስጥ አልነበረም። ፀሐይዋ ስትሞቅ ከላይ አንድ ነገር ተንሸራተተ፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ወረደና የሊቀ ደመና ራስ ላይ ዷ ብሎ ፈረሰ። አንገታቸው፣ ትከሻቸው፣ የማሩ ሳህን ሳይቀር ነጭ ሆነ።

ሕዝቡ ደርቆ ቀረ። አያ መኮያ "ይሄ የ..." ብለው ጀመሩና ወደ ጽዱ ጫፍ ቀና አሉ። እኔ ነገሬ አከተመ አልኩ። የዝናብ መለኪያው አጥር፣ ውሻው፣ ሁሉም ታየኝ።

ሊቀ ደመና ከትከሻቸው ላይ እፍኝ አነሱ። ጣታቸው መሀል ሲቀልጥ ተመለከቱት። ልክ ነበሩ፤ ማስረጃው እጃቸው ላይ ነው። ከዚያ በዙሪያቸው ያለውን ሕዝብ፣ ጋቢ ውስጥ የተደበቀውን እጅ ሁሉ አዩ።

"አበባ ነው" አሉ። "በልግ አይደል? ረገፈ።"

ጽድ እንዲህ ያለ አበባ እንደማያበቅል የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። "አዎ፣ አበባ ነው!" አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ። አያ መኮያ ተነስተው የሊቀ ደመናን ትከሻ በገዛ ነጠላቸው እየጠረጉ "ዘንድሮ አበባው በዝቷል ጌታዬ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ይቀዘቅዛል" አሏቸው። ሊቀ ደመና ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ጥርሳቸው ያምራል።

ከዚያ ይቅርታው ተጀመረ። ከአያ መኮያ ተነስቶ በዙሪያው ሄደ፤ "ይቅር ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ" እያለ። በየቃሉ እኔ ወደ መሄጃዬ እየቀረብኩ ነው። በልጉ አብቅቷል፤ ስመለስ መደቤ ይዘጋል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ስሕተት ቢኖር እንኳ የምላከው እኔ አይደለሁም። ያ ሁሉ መዳፍ የተላጠው ለእነዚህ ሦስት ገበታዎች ብቻ ነው ማለት ነው። ማሩ አፌ ውስጥ ሬት ሆነ። ተራው ማንያህልሻል ጋ ደረሰ።

"እኔ ይቅር አላልኩም" አለች።

ሕዝቡ መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። አያ መኮያ ሳል ቢጤ ሳሉ። "አንቺ ልጅ፣ ሦስተኛው ገበታ ነው እኮ። ነውር ነው።"

"ነውር ከሆነም የኔ ነውር ነው፤ እሸከመዋለሁ። ጣራም ተሸክሜያለሁ። አላልኩም አላልኩም ነው።" ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። እኔን አላየችኝም፤ የተላጠውን መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አለቃዬን ነው የምታየው።

ሊቀ ደመና በማር የተለወሰ እጃቸውን ጠረጉ። "ሕጉ ምን ይላል?" አሉ፤ ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም።

"አንድ ሰው እንኳ ይቅር ካላለ፣" አልኩ፣ "ይቅርታ ጠያቂው ከዚያ ከተማ መውጣት አይችልም።" ቃሉን በትክክል ስለመናገሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምላሴ እየተሳሰረ ነበር።

"መደቡስ በልጉ ሲያበቃ ይዘጋል ብዬህ አልነበር?"

"ብለውኛል።"

"ሰው ዕዳ ላይ ሳለ መደቡን መዝጋት አይቻልም" አሉ። "እስከምትምርህ እዚሁ ነህ። በጣም አዝናለሁ ምትኩ።" ያዘኑ አይመስሉም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ቀረሁ። ውርጭ በር ላይ በዚያው ሳምንት የፈረሰው ዳስ ተመልሶ ተጣለ፤ አንድ ሠርግ ታቅዶ ሁለት ተሠራበት። በረዶውን ዛሬ ማንም አይጠርገውም፤ እንደወደቀ ይቀመጣል። መንገደኛ ሲመጣ እሳቱን የማነደው እኔ ነኝ፤ ፊቴን ያዩ እንግዶች ገና ሳልጠይቃቸው "ግድ የለም፣ ምንም አይደል፣ ያለው ይበቃናል" ይላሉ። ማንያህልሻል ለቤቱ እንደኔ ያለ አስተናጋጅ አይገኝም ትላለች።

ሊቀ ደመና ከዚያ ወዲህ በየበልጉ አንድ ቦታ ይሳሳታሉ። በተራ ነው፤ ማንም አይቀርበትም። ይቅርታውንም ራሳቸው ሄደው ይጠይቃሉ፤ በቅርቡ ሳያቸው ወፍረዋል፤ ከረጢቱም የለም። በበሩ ባለፉ ቁጥር ሕግ ነውና ከበቅሎ ሳይወርዱ "ወይዘሮ ማንያህልሻል፣ ይቅር አሉት?" ይላሉ። እሷም ከውስጥ "ገና ነኝ!" ትላቸዋለች። ከዚያ ይወርዱና ምሳ እንበላለን።

ዛሬ ማለዳ ሬዲዮው ዛሬና ነገ በደጋው ብርቱ ማዕበል አለ ብሏል። ጣራው ላይ ወጥተን ድንጋይ ስንደረድር ንፋሱ ነጠላዋን ፊቴ ላይ አለበሰኝ። ከነጠላው ውስጥ ሆኜ፣ እንዲያው ለመሆኑ መቼ ነው ይቅር የምትይኝ አልኳት።

"ከነገ ወዲያ" አለችኝ።

ሁልጊዜም መልሷ ይኸው ነው። የሰማይ ቤት ሰው ከነገ አልፎ መናገር ስለማይፈቀድለት እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።